አባት ልጁን «አንቱ» ሲለው

 

ዛሬ ስለ አንድ የጃፓን አኒሜ ልጽፍላችሁ ነው። ከወዲሁ «ደግሞ ካርቱን!» ብላችሁ ልታልፉት ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እማም ያለችው ይህንኑ ነው። ባለፈው ክረምት የእንጦጦ ዝናብ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው እኔና ታናሽ ወንድሜ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ፊት ተጎልተን ዓይናችንን ስንጠራርግ ደረሰችብን። «የ26 ዓመት ሴትና የ17 ዓመት ጎረምሳ በካርቱን ታለቅሳላችሁ? ሱብሓነላህ!» ብላ ቡናዋን ልታፈላ ሄደች። አልፈረድኩባትም። ነገሩን ከውጭ ለሚያየው ሰው ትልልቅ ዓይን ያላቸው፣ ፀጉራቸው ሐምራዊና ሰማያዊ የሆነ የሥዕል ልጆች ናቸው። እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ ካነበባችሁኝ ግን ለምን እንደምጽፈው ይገባችኋል፤ በተለይ ከልጁ ጋር ወይም ከአባቱ ጋር የተኮራረፈ ሰው በቤቱ ያለ።

ተከታታዩ «ክላናድ» ይባላል። መነሻው «ኪ» የሚባል የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው፣ እያነበቡና መንገድ እየመረጡ የሚሄዱበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ዋና ጸሐፊው ጁን ማኤዳ ነው። ኪዮቶ አኒሜሽን የተባለው ስቱዲዮ በታትሱያ ኢሺሃራ ዳይሬክተርነት ወደ ተከታታይ ፊልም ለወጠው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2007 መጨረሻ ጀምሮ በ2008 መጀመሪያ አለቀ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ «አፍተር ስቶሪ» በ2008 መጨረሻ ጀምሮ በ2009 መጀመሪያ ተጠናቀቀ። አንድ ላይ ከ40 በላይ ክፍሎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት የማይሞሉ። ስሙ ከአንድ የአየርላንድ የሙዚቃ ቡድን ስም የተወሰደ ነው፤ «ክላን» የሚለው የአገሩ ቃል ቤተሰብ ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ እዚያ ስም ውስጥ አለ።

እግረ መንገዴን፣ እኛ የሙስሊም ቤት ልጆች ለአኒሜ እንግዳ አይደለንም። የእኔ እድሜ ያላችሁ «ስፔስቱን»ን ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው፣ ፕሮግራሞቹን በ«ፕላኔቶች» የከፋፈለው የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ። ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ ያለበት ቤት የታወቀ ነበር፤ ከቁርኣን ቤት ስንለቀቅ ጫማችንን በር ላይ ከምረን «ካፕቴን ማጂድ»ን እናያለን። ኳሷ ከመሐል ሜዳ ተነሥታ ጎል እስክትደርስ አንድ ክፍል ያልቃል። «ሳሊ» ስትራብና ስትገፋ የእኛ ሴቶች ከእሷ ጋር ያለቅሳሉ። ጃፓን የተሠሩ መሆናቸውን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። ዐረቦቹ ሲተረጉሙት የመጠጡንና የፍቅር ፍቅሩን ነገር እየቆረጡ ስለሚያወጡት ወላጅ አይሰጋም ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች ግን በቴሌግራም እንዳለ፣ ሳይቆረጥ ነው የሚያወርዱት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የ«ክላናድ» ታሪክ የሚጀምረው ዳገት ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከላይ ነው፤ ወደ እሱ የሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኙ የሳኩራ ዛፍ ነው። ቶሞያ ኦካዛኪ የሚባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ አርፋጅና ዱርዬ የሚባል ልጅ፣ ከተማውን እንደሚጠላ እያሰበ ይወጣል። ከዳገቱ ግርጌ ናጊሳ የምትባል ልጅ ቆማ ያገኛታል። በሕመም ምክንያት ዓመቱን የደገመች፣ ጓደኞቿ ሁሉ አልፈው የሄዱባት ናት። ወደ ላይ ለመውጣት ድፍረት ስታጣ የምትወደውን ምግብ ስም ትጠራለች፤ ባቄላ የተሞላ ዳቦ ነው የምትለው። ወንድሜ ይህን ካየ ጀምሮ ከፈረንሳይ ወደ ላይ ስንወጣ ትንፋሹ ሲያጥር ቆም ብሎ «ሳምቡሳ!» ይላል። እውነቱን ለመናገር ይሠራል።

እኛ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ አፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ ከሰጡት ሰፊ ደን በላይ፣ ታክሲው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ከሚወጣበት አካባቢ። የእኛ ዳገት ሳኩራ የለውም። ባሕር ዛፍ ነው ያለው፤ በዚያው በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው። ጠዋት ተማሪው ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲወርድ፣ ከላይ ደግሞ እናቶች ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በተመሳሳይ መንገድ ይወርዳሉ። በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በሌላው በኩል መኪኖች ለሽርሽር ይወጣሉ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ግን አሁንም አሉ። አንድ ጃፓናዊ ይህን ዳገት ቢስለው ምን ያህል ክፍል ይወጣው ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ናጊሳ ገና በመጀመሪያው ቀን የምትናገረው ነገር አለ፤ ቦታውን እንደምትወደው፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር፣ ሰውም ጨዋታም፣ እየተለወጠ እንደሚሄድ፣ ከተለወጠ በኋላስ ልትወደው ትችል እንደሆነ። ይህን ስሰማ ቀበና ትዝ አለችኝ። በ2016 ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በኮሪደር ልማት ሲሰፋ ከወንድሜ የክፍል ጓደኞች አንዳንዶቹ ከነቤተሰባቸው ወደ ሩቅ ዳርቻ ተዛወሩ። መንገዱ ዛሬ ያምራል፤ ማታ መብራቱ ያምራል፤ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። ከእነዚያ ልጆች ጋር የሚገናኘው ግን በስልክ ብቻ ነው። በተከታታዩ ውስጥም ልጆች የሚጫወቱበት ጫካ ተቆርጦ ሆስፒታል ይሠራበታል። ጸሐፊው «ለምን ተሠራ» ብሎ አይጮህም፤ ሆስፒታል ያስፈልጋል። የጠፋውንም ግን አይደብቀውም። ይህ ሚዛን ደስ ይለኛል።

የትምህርት ቤት ሕይወታቸው ያስቀናል። ከክፍል በኋላ ክበብ አላቸው፤ ናጊሳ የፈረሰውን የድራማ ክበብ መልሳ ልታቋቁም ስትታገል ነው የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሄደው። በመሐል የእያንዳንዱ ልጅ ታሪክ ይመጣል። ወላጆቿ በአውሮፕላን አደጋ የሞቱባት ኮቶሚ የምትባል ጎበዝ ተማሪ አለች፤ አባቷና እናቷ ከመሞታቸው በፊት የገዙላት የልደት ስጦታ በሻንጣ ውስጥ ሆኖ፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ፣ ከአገር ወደ አገር እየተላለፈ ከዓመታት በኋላ ይደርሳታል። የማያውቁት ሰዎች አማናውን አደረሱ። ወንድሜ እዚያ ጋ ተነሥቶ «ውኃ ልጠጣ» ብሎ ወጣ፤ ለረጅም ጊዜ ውኃ ጠጣ።

በእኛ አገር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ድራማ ክበብ የሚል ቅንጦት የለውም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 900,000 ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም ከዚያ አልተሻለም። ይህ ቁጥር በየቤቱ ገብቶ ተቀምጧል። አባት ልጁን ሲያይ የሚያየው 3.3ቱን ነው፤ ልጁም አባቱ ዓይን ውስጥ የሚያየው 97ቱን ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቶሞያ ከአባቱ ጋር ሁለት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እናቱ በሕፃንነቱ በአደጋ ሞታለች። አባቱ ብቻውን ሲያሳድገው ኖሮ ወደ መጠጥና ቁማር ተንሸራተተ። አንድ ቀን ተጣሉ፤ የልጁ ትከሻ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ ማንሣት አይችልም። ቅርጫት ኳስ ነበር ተስፋው፤ ቀረ። ሰው የሚጠብቀው ከዚህ በኋላ ቤቱ ውስጥ ጩኸት እንዲኖር ነው። ጩኸት የለም። አባትየው ልጁን በትሕትና ማናገር ጀመረ። ስሙን ሲጠራ «ቶሞያ ኩን» ይለዋል። ጃፓኖች «ኩን»ን ለጓደኛ፣ ለሥራ ታናሽ፣ ለጎረቤት ልጅ ይሉታል። አባት ለገዛ ልጁ፣ ከዚያ ከትሑት አነጋገሩ ጋር ሲለው ግን ልጅነቱን የካደው ያህል ነው። ጠዋት ሲወጣ እንደ ጥሩ ተከራይ ይሰናበተዋል። ቶሞያን ከቤት የሚያስወጣው ያ ትሕትና ነው፤ ዱላ ቢሆን ይችለው ነበር።

የእንግሊዝኛው ትርጉም ይህን ማሳየት አይችልም፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም «ዩ» ብሎ ይጨርሰዋል። ዐማርኛ ግን ይችላል። ዐማርኛ «አንተ» እና «አንቱ» አለው። ወንድሜ ያንን ክፍል ሲያይ ፊልሙን አቆመውና ወደ እኔ ዞሮ «አባባን አየሽው?» አለኝ።

አባባ በ2000 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ሲሄድ ወንድሜ ገና በእማ ሆድ ውስጥ ነበር። እኔ 9 ዓመቴ ነበር፤ ስሄድ እንዳታለቅሺ ብሎኝ እሱ አለቀሰ። ሹፌር ሆኖ ሠራ። ብሩ ይመጣል፣ ድምፁ በጁሙዓ ይመጣል። እማ ስልኩን የወንድሜ ጆሮ ላይ ታስደግፍና «አባባ በል» ትለዋለች። ለእሱ አባት ማለት ስልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ስታባርር፣ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ አባባም አንዱ ነበር። በዚያ ኅዳር ቦሌ ላይ የወረዱትን ሰዎች ያየ አይረሳቸውም፤ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ፌስታል የያዘ። ወንድሜ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። አባባ በሩን ሲያንኳኳ ከፍቶለት «እማ፣ እንግዳ መጥቷል» አለ። አባባ ይህን እንደ ቀልድ ለሰው ያወራው ነበር። እኔ ግን ሲያወራው ፊቱን አየው ነበር።

እንግዲህ ያ እንግዳ ቤቱ ገብቶ ታክሲ መንዳት ጀመረ፣ ከፈረንሳይ አራት ኪሎ። እስከ ዛሬ ይነዳል። ባለፈው ግንቦት ወንድሜ ለፈተና ማጥናት ሲገባው ስልኩ ላይ አኒሜ ሲያይ አገኘው። ስልኩን ሊነጥቀው እጁን ሲዘረጋ ወንድሜ የአባቱን እጅ ያዘው። መታው ወይም ገፈተረው አላልኩም፤ ያዘው። አንድ ልጅ የአባቱን እጅ ከያዘ በጉልበት እንደሚበልጠው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያውቃሉ። አባባ ለቀቀ። «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ»፣ «አንቱ»። «ምሳዎን በሉ?» «ሹራብ ይልበሱ፣ ዝናብ ነው።» ሲቆጡ «አንቱ» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ያ ስላቅ ነው፣ ማታ ያልፋል። የአባባ ግን ስላቅ አልነበረም። ድምፁ ለስላሳ ነው። ታክሲው ውስጥ ለገባ ሽማግሌ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

ወንድሜም ከዚያ ወዲህ ታክሲው ውስጥ አልገባም። በእግሩ ይወርዳል፣ በእግሩ ይወጣል። ረዳቱ ነገሩን ስለማያውቅ ባየው ቁጥር በመስኮት ወጥቶ «ና ግባ እንጂ አንተ!» እያለ ይጮህበታል። አባባ ፍሬን ያዝ ያደርጋል፤ ከዚያ ይለቃል።

ብዙ የተማሪ ቤት አኒሜዎች ልጆቹ ሲመረቁ፣ ወይም አንዱ ለአንዷ ልቡን ሲገልጥ ያልቃሉ። «ክላናድ» በሁለተኛው ምዕራፍ አልፎ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ከሌሎቹ የማስበልጠው። ቶሞያና ናጊሳ ይጋባሉ። ጠባብ ቤት ይከራያሉ። እሱ የመብራት ሠራተኛ ሆኖ የመንገድ መብራት ሲጠግን ይውላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከድካሙ የተነሣ መብላት አቅቶት እንቅልፍ ይወስደዋል። የደረሰለት የተሻለ ሥራም በአባቱ መታሰር ምክንያት ያመልጠዋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳይ ስንት የወጣት ፊልም አለ? ከዚያ ናጊሳ በበረዶ ሌሊት ሴት ልጅ ወልዳ ትሞታለች። ቶሞያ ይሰበራል። ልጁን ኡሺዮን ለናጊሳ ወላጆች ሰጥቶ በሥራና በመጠጥ ራሱን ይደብቃል። አምስት ዓመት። አባባ ከጅዳ እስኪመለስ ያለፈው ጊዜ ነው። አንዱ ሸሽቶ፣ አንዱ እንጀራ ፍለጋ ሄዶ ስለሆነ አላነጻጽራቸውም። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ሁለቱም በር የሚያንኳኳ እንግዳ ናቸው።

በሁለተኛው ምዕራፍ 18ኛው ክፍል ቶሞያ ልጁን ይዞ ወደ ሩቅ የአበባ ሜዳ ይሄዳል። የገዛላት መጫወቻ ሮቦት ሣሩ ውስጥ ይጠፋባታል። ሌላ ልገዛልሽ ይላታል፤ እሷ ያንን ነው የምትፈልገው፣ አባቷ የመጀመሪያ ጊዜ የገዛላት ስለሆነ። እዚያው አንዲት አሮጊት ያገኙታል፤ የአባቱ እናት ናት። ያ ሰካራም አባቱ ሚስቱ ስትሞት ገና ወጣት እንደነበረ፣ የሕፃኑን እጅ ይዞ እዚሁ ቦታ ላይ በራሴ እጅ አሳድገዋለሁ ብሎ እንደ ማለ፣ ሥራውን፣ ጓደኞቹን፣ ዕድሉን ሁሉ ለእሱ ሲል እንዳጣ ትነግረዋለች። ቶሞያ ወደ ልጁ ሲመለስ ገና ሮቦቱን ትፈልጋለች። አያቷ ማልቀስ የሚፈቀደው ሁለት ቦታ ብቻ ነው ብላ አስተምራታለች፤ መጸዳጃ ቤት፣ ወይም አባቷ እቅፍ ውስጥ። አሁን ማልቀስ ትችል እንደሆነ አባቷን ትጠይቀዋለች።

የቀረውን እናንተው እዩት።

አለመደበቅ ይሻላልና የማልወድለትን ልናገር። መጨረሻው። ኡሺዮም እንደ እናቷ ታማ በረዶ ላይ ትወድቃለች፤ ከዚያ ጸሐፊው በተአምር የሚመስል ነገር ጊዜውን መልሶ ሞቱን ሁሉ ያጠፋዋል። ወንድሜ «ይገባቸዋል፣ ብዙ ተሠቃይተዋል» ይላል፤ በዚህ ላይ አልተስማማንም። እኔ የቀበርነውን ሰው መልሶ የሚሰጠን ፊልም አያጽናናኝም። ቀደር ነው ብሎ ተቀብሎ ልጁን ያቀፈው ቶሞያ ይበልጥብኛል። ደግሞም በመሐል በመሐል ስለ ሌላ ዓለምና ስለ መናፍስት የሚያስገቡት አለ፤ ኮማ ውስጥ የተኛች ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስትዞር ታያላችሁ። የጃፓኖቹ እምነት ነው፤ ታዳጊ ልጅ ከሆነ ጎን ተቀምጦ ማስረዳት ያስፈልጋል። ፈትዋ ልሰጥ አልመጣሁም፤ ዑለሞቻችን አሉ። ወላጆችን የምለው አንድ ነገር ነው፦ «አኒሜ» የሚል አንድ ዕቃ የለም። ልጅ ፊት የማይከፈት ስንት ቆሻሻ አለ፤ እንደዚህም ያለ አለ። «ካርቱን ነው» ብሎ መተውም፣ «ካርቱን ነው» ብሎ ስልክ መንጠቅም፣ ልጁ ምን እያየ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ስለ ስቱዲዮውም አንድ ነገር። ኪዮቶ አኒሜሽን እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተ፣ ሠዓሊዎቹን በሥዕል ቁጥር ከመክፈል ይልቅ በወር ደመወዝ በመቅጠርና ብዙ ሴቶችን በማሠራት የሚታወቅ ቤት ነው። መስማት የማትችል ተማሪ የሚሠቃይባትን «ኤ ሳይለንት ቮይስ» የተባለውን ፊልምም በ2016 የሠሩት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2019 አንድ ሰው ሕንጻቸው ውስጥ ቤንዚን ረጭቶ ለኮሰው፤ 36 ሠራተኞች ሞቱ። እያንዳንዷ የበረዶ ፍንጣቂ፣ የናጊሳ የፀጉር ክር፣ የሰው እጅ የሣላት ናት። ይህን ካወቅሁ በኋላ በየክፍሉ መጨረሻ የሚያልፉትን ስሞች ዘልዬ አላልፍም፤ ማንበብ ባልችልም።

አሁን የነሐሴውን ማታ ልንገራችሁ። ከዒሻእ በኋላ ነው። 18ኛውን ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ እያየን ሳለ አባባ ከሥራ ገባ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን የላፕቶፑ ብቻ ነበር። ሌላ የሚቀመጥበት ስላልነበረ ከኋላችን መከዳ ላይ ተቀመጠ። አሮጊቷ ማውራት ስትጀምር «ምን ትላለች?» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ወንድሜ ስክሪኑን እያየ መተርጎም ጀመረ፤ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ወደ ዐማርኛ፣ እየተንተባተበ። አባባ ስለ ልጅየው አልጠየቀም፣ ስለ ሕፃኗም አልጠየቀም። «አሮጊቷ እናቱ ናት? የአባትየው?» አለ። «አዎ።» «በሕይወት እያለች ልጇን አላገኘችውም?» የአባባ እናት፣ አያታችን፣ ከሐርቡ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ነበረች፤ እሱ ጅዳ ሳለ ሞተች። አልቀበራትም። እኛ አባትና ልጅ የምናይበት ቦታ ላይ እሱ እናትና ልጅ ነበር የሚያየው።

ባትሪው ስላልሞተ ቀጣዩን ክፍል ወንድሜ ራሱ ከፈተው። ቶሞያ አባቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። አባትየው እንደ ልማዱ በትሕትና ይቀበለዋል። ወንድሜ እዚያ ጋ ትርጉሙን አቋረጠ።

«ምን አለው?» አባባ ጠየቀ።

«ምንም። ሰላም ነው ያለው።»

«ታዲያ ልጁ ፊቱ ለምን ጠቆረ?»

ወንድሜ ጥቂት ቆየና «‹አንቱ› ስላለው» አለ። «ልጁ ነው፣ ግን ‹አንቱ› ነው የሚለው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ።

«ለምን እንዲህ ይለዋል?» አለ አባባ፤ የእውነት የማያውቅ ይመስል ነበር።

«ተቀይሞት ነዋ።»

አባባ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አልተቀየመም። አፍሮ ነው» አለ። «ልጁ ያየውን ስላየ አፍሮ ነው።»

ተጨማሪ አላለም። ወንድሜም ዞር ብሎ አላየውም። ክፍሉ አለቀ፤ ቶሞያ አባቱን በቃህ፣ ብዙ ደክመሃል፣ ወደ እናትህ ሂድና እረፍ ብሎ ሸኘው። ወንድሜ ይህን እስከ መጨረሻዋ ቃል ተረጎመ፤ «ደክመሃል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አለው፤ ጽሑፉ ላይ አንዴ ብቻ ነበር። እማ ሻማ ይዛ ስትገባ ሦስታችንም ጨለማ ስክሪን እያየን ነበር።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። አባባ «አንተ» የሚልበት ቀን አለ፤ «እርስዎ» የሚልበትም ቀን አለ። ወንድሜ አሁንም ጠዋት በእግሩ ይወርዳል፣ ዘንድሮ ግን ማታ ሁለት ቀን ታክሲው ውስጥ ሆኖ መጥቷል፤ አንዱ ዝናብ ነበር፣ አንዱ ግን አልነበረም። የቀሩትን ክፍሎች ለአባባ ሊያሳየው አልፈለገም። ሕፃኗ እንደምትታመም ያውቃላ። እኔም አልገፋፋሁትም።

ትናንት ከመግሪብ በኋላ አባባ ጫማውን እያወለቀ፣ እኔን ሳይሆን እሱን፣ «ያ የመብራት ሠራተኛው ልጅ እንዴት ሆነ? ሴት ልጁን አሳደጋት?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ «ገና ነው አባባ፣ እሑድ እናየዋለን» አለው። እሑድ ነገ ወዲያ ነው።